በወሎ የቆዩ ቤቶችንና መካነ መቃብሮችን ለመመዝገብ የመንግሥት ገንዘብ ከየት ይገኛል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከደቡብ ወሎ አንድ የገጠር ወረዳ ነው። ጠያቂው የአካባቢያቸው ቅሬ (የእድር) ጸሐፊ ናቸው። «በቀበሌያችን ከአያት ከቅድመ አያት የቆዩ የድንጋይ ቤቶች፣ ሁለት ቁባዎች (ጉልላት ያላቸው የሼሆች መቃብር ቤቶች)፣ የማን እንደሆኑ ሽማግሌዎች ብቻ የሚያውቋቸው የመቃብር ቦታዎች አሉ። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ እዚያ መንግሥት እንዲህ ያለውን ለማስመዝገብ ገንዘብ እንደሚሰጥ ነገረችኝ። በእኛ አገርስ ለምዝገባ የሚሆን የመንግሥት ገንዘብ አለ ወይ? ካለስ ማንን፣ መቼ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ?» ይላሉ።

አለ። ይሁንና «የቅርስ ምዝገባ ፈንድ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ካዝና አያገኙም። ገንዘቡ በወረዳው መደበኛ በጀት፣ በከተማ አስተዳደር፣ በክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና በመሠረተ ልማት ፕሮጀክቶች ውስጥ በሌላ በሌላ ስም ተቀምጧል። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ስለ ቅርሱ ታላቅነት አሳምሮ ከሚጽፈው ይልቅ የሥራ ቀን ቆጥሮ የሚጠይቀው ነው የሚቀናው።

እህትዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን ቢሰሙት ይጠቅምዎታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣችው የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ቅርሱን የሚቆጥርና የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚውል ፈንድ ተቋቁሟል። የፈንዱ ምንጭ የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች በባሕር ወለል ላይ ለሚቆፍሩበት ይዞታ ለፌደራሉ መንግሥት የሚከፍሉት ገንዘብ ሲሆን፣ ሕጉ በዓመት እስከ 150 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ የሚፈቅድ ሆኖ ቆይቷል፤ በተግባር የሚለቀቀውን መጠን ግን ምክር ቤታቸው በየዓመቱ ይወስናል። ለክፍለ ግዛቶች ከሚሰጠው ድጎማ ፌደራሉ 60 በመቶውን ሲሸፍን፣ ቀሪውን 40 በመቶ ተቀባዩ ወገን በገንዘብ ወይም በጉልበትና በዓይነት ያሟላል፤ ክፍለ ግዛቱም ከደረሰው ላይ ቢያንስ 10 በመቶውን ብቃታቸው ለተረጋገጠ የታችኛው እርከን አስተዳደሮች ማውረድ አለበት። መቃብር ግን እዚያም የእንጀራ ልጅ ነው። በብሔራዊ መዝገባቸው ደንብ መሠረት የመቃብር ቦታ በመደበኛነት አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው እጅግ የጎላ ታሪክ ያለው ሰው ያረፈበት፣ በዕድሜው የተለየ፣ በአሠራሩ የሚጠቀስ ወይም ከታሪካዊ ክስተት ጋር የተያያዘ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመን ተቀባዩ የሚያዋጣው ድርሻ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመቃብር ረገድ የእኛ ሕግ ይሻላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ምን ምን እንደሆነ ሲዘረዝር ከሕንፃ፣ ከመታሰቢያ ቦታ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ጋር የመቃብር ቦታንም በስም ይጠራል። ስለዚህ የወረዳው ባለሙያ «መቃብር የእምነት ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ካሉዎት (ይሉዎታልም)፣ አዋጁን ይዘው ትርጓሜው ያለበትን ገጽ ማሳየት ይበቃል። የአዋጁ ሌላው ወገን ግን ለእርስዎ አይመችም። ቅርስ በይዞታው ያለ ሰው የማስመዝገብና በራሱ ወጪ የመንከባከብ ግዴታ አለበት፤ መንግሥት ከፊሉን ወጪ ሊሸፍን እንደሚችል የተጻፈውም ጥገናው ከባለይዞታው አቅም በላይ ሲሆን ነው። ከዚህ አንቀጽ ተነስተው «መንግሥት ይጠግንልን» የሚል ማመልከቻ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ ማመልከቻቸውም መሳቢያ ውስጥ ይከርማል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቆጠራ፣ ምዝገባ፣ ምደባና ጥገና አራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቆጠራ በአንድ አካባቢ ያለውን ሁሉ ዞሮ ማየትና በአጭሩ መጻፍ ነው። ምዝገባ ከተቆጠረው ውስጥ እያንዳንዱን በቅጽ፣ በፎቶና በልኬት አስደግፎ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ምደባ፣ በአዋጅ ቁጥር 839/2006 እንደተደነገገው፣ ቅርሱ ብሔራዊ ነው ወይስ ክልላዊ የሚለውን መወሰን ሲሆን፣ ውሳኔው ማን ያስተዳድረው የሚለውን ስለሚወስን የበጀቱንም በር ያሳያል። ጥገና ደግሞ መሐንዲስ፣ ኖራ፣ ድንጋይና ብዙ ብር የሚፈልግ ነገር ነው። ቆጠራና ምዝገባ ከጥገና ጋር ሲነጻጸሩ ወጪያቸው ኢምንት ነው። በአንድ ደብዳቤ ሁለቱንም የጠየቀ ሰው ግን የጥገናውን ትልቅ ቁጥር የተመለከተ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ትንሿንም ጥያቄ አብሮ ይጥልበታል። ስለዚህ አሁን ስለ ጥገና አንዲት ቃል አይጻፉ።

ወደ በሮቹ እንሂድ። የመጀመሪያውና የቅርቡ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ወረዳ ከክልል በጥቅል የሚደርሰውን በጀት ለየመሥሪያ ቤቱ ሲያከፋፍል ትልቁ ክፍል ለደመወዝ ይሄዳል፤ የባህልና ቱሪዝም ድርሻም ከግብርና፣ ከጤናና ከትምህርት ጎን ሲቀመጥ ጎልቶ አይታይም። ቢሆንም ከደመወዝ ውጪ ያለው የሥራ ማስኬጃ ለውሎ አበል፣ ለነዳጅና ለጽሕፈት መሣሪያ የሚውል ነው፤ ቆጠራም የሚፈልገው እነዚህኑ ነው። ለምሳሌ በወረዳው ውስጥ 60 ቦታዎች አሉ ብለን ብናስብ፣ ሦስት ሰዎች ያሉት ቡድን በቀን አራት ቦታ ቢያይ 15 የመስክ ቀን ይፈጅበታል፤ ቅጹን ለማጥራትና ፎቶውን ከቁጥሩ ጋር ለማዛመድ ሌላ አሥር ቀን ይጨመር። ደብዳቤዎ «የወረዳችን ቅርሶች ስለተዘነጉ ትኩረት ይሰጣቸው» ከሚል ይልቅ «ለ15 የመስክ ቀናት የአንድ ባለሙያ ውሎ አበልና ነዳጅ» ቢል የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ይህን በየትኛው የሂሳብ መደብ እንደሚይዘው ወዲያው ያውቃል።

የቀን መቁጠሪያው ከገንዘቡ እኩል ይወስናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ በወሎ ደጋ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና ጭቃ ናቸው፣ ሣሩም የመቃብሩን ድንጋይ ይውጠዋል። መስክ ወጥቶ ነገር ማየት የሚቻለው አዝመራው ተሰብስቦ ሣሩ ከደረቀ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ሰኔ 30 ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄዎ የመሥሪያ ቤቶች ዕቅድ ከመጠቃለሉ በፊት፣ በበጋው ውስጥ ገብቶ፣ ለሚቀጥለው በጋ የሚሆን ሥራ ሆኖ መያዝ አለበት። ሐምሌ ላይ ደብዳቤ የሚያስገባ ሰው አንድ ዓመት አጥቷል ማለት ነው።

የዚህን በር ድክመትም አልደብቅም። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ በተሳተፍኩበት የአንድ ወረዳ ቆጠራ የተያዘው ገንዘብ ገና መስክ ሳንወጣ «የግንዛቤ ማስጨበጫ» በተባለ የሁለት ቀን ስብሰባ፣ በሻይ በቆሎና በአበል አለቀ። ቀበሌዎቹን የዞርነው ባለሙያው በራሱ ሞተር ብስክሌት፣ እኔ ከኋላው ተፈናጥጬ ነው። ፎቶዎቹ በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ተቀመጡ፤ ባለሙያው ሲዛወር ፍላሹም አብሮት ሄደ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የቀረው የቦታዎቹ ስም በእጅ የተጻፈበት አንድ ደብተር ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የማማክራቸውን ሁሉ ስብሰባውን ቆጠራው ካለቀ በኋላ እንዲያደርጉት፣ ያም ውጤቱን ለሕዝብ ለማሳየት እንዲሆን እነግራቸዋለሁ።

ከተማ ላይ ያለው በር የተለየ ነው፤ ጥያቄዎ ከገጠር ቢሆንም ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ወልዲያን የሚመለከት ስለሆነ ላንሳው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ በከተሞቻችን ካሉት የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆነው ኖረዋል። የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከእሱ ወዲያ ያለው፣ የእንጨት ሰገነት ያለው የነጋዴ ቤት ወይም በጣሊያን ዘመን የተሠራ መጋዘን ግን ስምም መዝገብም የለውም። እዚህ ላይ ነው የአዋጁ ግዴታ ወደ ባለሥልጣኑ የሚዞረው፤ ቤቱ የመንግሥት ከሆነ የማስመዝገብ ግዴታ ያለበት ባለይዞታም ራሱ ከተማ አስተዳደሩ ነው። የመንገድ ማስፋፊያና የኮሪደር ልማት በሚካሄድበት ጊዜ ማፍረሻው መንደር ከመግባቱ በፊት የቤቶቹ ዝርዝር እንዲዘጋጅ መጠየቅ ልመና አይደለም። የራሱ ገቢ ያለው ከተማ ደግሞ ከገጠር ወረዳ ይልቅ ይህን ለመሸፈን አቅሙ አለው።

አሁን ወደ መቃብሩ። የጥያቄዎ ክብደት ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወሎ ውስጥ ትልልቆቹ ቦታዎች ጠባቂም ጎብኚም አላቸው። የሙስሊሙ ቅዱሳት ቦታዎች የሆኑት ጀማ ንጉሥ፣ ጌታና ዳና መውሊድና ዚያራ (የጉብኝት ሥርዓት) ስላላቸው ማንም አይረሳቸውም፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የተኛውን የተሳላሚዎች አፅም ላስታ የደረሰ ሁሉ አይቶታል። ስመ ጥር መሆን ብቻውን ግን አያድንም። ዐፄ በእደ ማርያም ያሠሩት አትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የነገሥታት መቃብር ነበር፤ በ1531 እ.ኤ.አ. ከጠፋ በኋላ ዛሬ ስለ ቦታው የሚያነጋግረን የተረፈ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ያለው ነገር ቢፈርስም ይፈለጋል። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ለማየት ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንስቷል፤ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም ከእነዚያ አንዱ ነው። ለመቃብር ቦታዎች ግን የዚህን ዓይነት ሥራ የሠራ የለም። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍም ምን እንደጠፋ ለመናገር መነሻ የሚሆነው ቀድሞ የተጻፈው ዝርዝር ብቻ ነበር።

የእርስዎ ቅሬ እዚህ ላይ ከማንኛውም ባለሙያ ይበልጣል። ቅሬው ማን መቼ እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ፣ ማን ድንኳን እንደተከለ ያውቃል፤ በብዙ ቦታም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ውስጥ ነው። አንድ የጥር ጠዋት ከአንድ የቅሬ ዳኛ ጋር አቀበት ላይ ያለ የመቃብር ቦታ ስንመዘግብ ያየሁትን ልንገርዎ። ከእኛ ጋር የነበረው ወጣት ባለሙያ በኮምፓስ ለክቶ፣ መቃብሮቹ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጉ መሆናቸውን አይቶ ቅጹ ላይ «የክርስቲያን» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው በከዘራቸው እሬት የበቀለበትን አንድ የድንጋይ ክምር ነካ አድርገው «ይሄ እኮ አጎቴ ነው፤ ከመስጊድ ተለይቶ አያውቅም ነበር» አሉ። ባለሙያው ኮምፓሱን ደግሞ አየ። ስህተቱ የኮምፓሱ አልነበረም። መካ ከደሴ በስተ ሰሜን ከሞላ ጎደል በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናት፤ ሁለቱም በ39ኛውና በ40ኛው ዲግሪ ምሥራቅ መካከል ይገኛሉ። ሙስሊሙ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ ሲዞር ወሎ ውስጥ ያ ወደ ሰሜን ስለሆነ መቃብሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ ክርስቲያኑም ራሱ ወደ ምዕራብ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ስለሚቀበር የሁለቱ ድንጋይ በአንድ መስመር ይተኛል። በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ አቅጣጫን እንደ መለያ ይወስዳል፤ እዚህ ግን የሚለየው የሰው ቃል ነው፤ ያ ሰው ሲያልፍ መለያውም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ በሥራ ቀኑ ስሌት ውስጥ የሽማግሌው ቀን መካተት አለበት። የአሜሪካኖቹን 40 በመቶ ያስታውሱ፤ የቅሬው ሽማግሌዎች ጊዜ፣ የወጣቶቹ ሣር ማጨድና መንገድ ማሳየት በቀን ተቆጥሮ «የሕዝብ ተሳትፎ» ተብሎ በደብዳቤው ሲሰፍር፣ ወረዳው የሚጠየቀው የሙሉ ሥራ ወጪ ሳይሆን ቀሪውን የማሟላት ነገር ይሆናል።

ቅጹ ላይ የቦታው ስም (አካባቢው የሚጠራበት ስም፣ አንድ ካልሆነ ሁለቱም)፣ የይዞታው ባለቤት፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ስፋቱ፣ የመቃብሮቹ ግምታዊ ብዛት፣ የድንጋዩ ዓይነትና አደራደር፣ ዛፎቹ፣ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ የሚያሰጋው ነገርና መረጃውን የሰጠው ሰው ይጻፋሉ። ድንጋይ አይነሳም፣ አፈር አይቆፈርም፤ ቁፋሮ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው። ከመጀመሩ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ሰበካ ጉባኤና የመስጊዱን ኮሚቴ ማስፈቀድ የግድ ነው። ቁባ ውስጥ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ ያለ የሚንቀሳቀስ ንብረት ካለ ለብቻው መዝግቡት፤ ያለበትን ክፍል ለሁሉም በሚበተን ወረቀት ላይ አትጻፉ።

ሁለት ነገሮች ወጪውን ይቀንሱልዎታል። አንደኛው የወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። የገጠር መሬት በካርታ ሲለካ የወልና የተቋም ይዞታዎችም አብረው ስለተለኩ፣ ለብዙ የመቃብር ቦታዎች ወሰንና ስፋት የሚያሳይ ካርታ እዚያው አለ፤ ከፎቶ ኮፒ በቀር የሚያስወጣው ነገር የለም። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ነው። የወሎና የወልዲያ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩ ሲሆን ለምርምርና ለማኅበረሰብ አገልግሎት የሚመድቡት ገንዘብ አለ። መምህሩ ለምርምሩ ርዕስ፣ ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ ቦታ ይፈልጋሉ። የወረዳው ደብዳቤና የቅሬው ፈቃድ ከቀረበላቸው ብዙ ጊዜ ከራሱ ከወረዳው ቀድመው መስክ ይወጣሉ። ውጤቱ ግን በዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ብቻ እንዳይቀር ቅጂው ለወረዳውና ለቅሬው እንደሚሰጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ይታሰር።

ሌላው በር ሰዎች የማያስቡት የመንገድ፣ የመስኖና የኤሌክትሪክ ፕሮጀክት ነው። በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ትልልቅ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት ጥናት ይቀርባል፤ በመስመሩ ላይ ያለ የመቃብር ቦታና የቆየ ሕንፃም በዚያ ጥናት ውስጥ በፕሮጀክቱ ወጪ መቆጠር ይገባዋል። መቃብር የግድ የሚነሳ ሲሆን ደግሞ፣ ደንብ ቁጥር 135/1999 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ድንጋዩን የማንሳት፣ ሌላ ቦታ የማዘጋጀት፣ አፅሙን የማዛወርና የሃይማኖት ሥርዓቱን የመፈጸም ወጪ በካሳ ስሌት ውስጥ ይገባል። የካሳ ኮሚቴው መጥቶ «ስንት መቃብር አለ? የማን ነው?» ሲል የሚቀርብ ዝርዝር ያለው ቅሬና የሌለው ቅሬ አንድ አይሆኑም። ዶዘሩ ቆሞ እየጠበቀ ሰው ከየቤቱ ተጠርቶ ሲጨቃጨቅ አይቻለሁ። ወረዳው ለቆጠራው ገንዘብ እንዲመድብ የምክር ቤት አባላትን ለማሳመን ከታሪክ ይልቅ ይህን ማንሳት ይቀላል።

ከወረዳ በላይ ያሉትን በአጭሩ ልጨርስ። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የራሱ የምዝገባ ዕቅድ አለው፤ ወረዳዎ በዕቅዱ እንዲገባ የሚጠይቀው በዞኑ መምሪያ በኩል ነው። ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ቅጽ፣ ሥልጠናና ባለሙያ መጠበቅ ይሻላል። የዓለም ቅርስ ፈንድ ለዝግጅት ሥራ እስከ 30,000 የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ቢኖረውም ጥያቄው በአገር ደረጃ የሚቀርብ፣ ለዓለም ቅርስነት ለሚታጩ ቦታዎች የታሰበ ስለሆነ ለቀበሌ መቃብር አይሆንም፤ ጊዜዎን አያባክኑበት።

ስለዚህ ደብዳቤዎን በቅሬው ማኅተም፣ የቀበሌው አስተዳደር ሸኚ ታክሎበት፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጻፉ፤ ግልባጩን ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ፣ ለወረዳው ምክር ቤትና ለዞኑ መምሪያ ያድርጉ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የቦታዎቹ ዝርዝር አባሪ ይሁን። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ማንንም መጠበቅ የለብዎትም፤ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው የሚያውቁትን ቦታ ሁሉ በስም ያስቆጥሯቸውና በቅሬው መዝገብ የመጨረሻ ገጾች ላይ ይጻፉት። መዝገቡ ሲጠናቀቅም ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ በወረዳው፣ አንዱ በዞኑ መምሪያ፣ አንዱ በወረቀት ታትሞ የቅሬው ገንዘብና ድንኳን በሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ይሁን።